የማትቆጠረው ቀንና ቆጣሪዎቿ

መስከረም ጠብቶ፣ አደይ አበባ መስኩን አልብሶ የዘመን መለወጫ በዓል በሚከበርበት በዛሬው ዕለት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት አንድ ጥንታዊ ሒሳብ ይታወጃል። የገባው ዘመን የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ፣ ጾመ ነነዌ መቼ እንደሚጀመር፣ የትንሣኤ በዓል በየትኛው ቀን እንደሚውል ምእመናኑ የሚረዱት በዚህ ሒሳብ ነው። ስሙ ባሕረ ሐሳብ ይባላል። ቀመሩን የደረሰው በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ3ኛው መጀመሪያ ላይ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ድሜጥሮስ እንደሆነ ይታመናል።

ባሕረ ሐሳብ ቁጥሩን የሚጀምረው ከዓለም መፈጠር ነው። ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት ያለውን 5500 ዓመት ዓመተ ፍዳ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዓመተ ምሕረት ይለዋል። ሁለቱ ሲደመሩ ዓመተ ዓለም ይገኛል። ታዲያ አንድ አድማጭ እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፦ የዓለምን መጀመሪያ ዓመት ቆጥሮ የሚያውቅ ሊቅ መጨረሻዋንስ ስለ ምን አይቆጥርም?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከክርስትና የመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት አንሥቶ እስከ ዘመናችን ድረስ ብዙዎች መጻሕፍትን መርምረው፣ ቁጥር ደምረውና ቀንሰው ያችን ቀን አገኘናት ብለዋል። ያገኟት ቀን ግን ፀሐይ እንደ ወትሮዋ ወጥታ የገባችባት ቀን ሆናለች። በዚህ ጽሑፍ የእነዚህን ሰዎች ታሪክ፣ ከሁሉም ይልቅ የአንድ አሜሪካዊ ገበሬንና የተከታዮቹን ታሪክ እንመለከታለን። የምንጽፈው በተሳሳቱት ለመዘባበት አይደለም። የስሕተቱ ዋጋ ምን ያህል እንደነበረና ማን እንደከፈለው ለመመርመር ነው።

ከአምስት ቀን ተኩል እስከ ስምንተኛው ሺህ

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት እግዚአብሔር ለአዳም ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ ከልጅ ልጁ ተወልዶ እንደሚያድነው ቃል ኪዳን ገብቶለታል። በፈጣሪ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት የሚቆጠር በመሆኑ አምስት ቀን ተኩሉ 5500 ዓመት ሆኖ ይተረጎማል። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በሮም የኖረው አቡሊዲስ፣ በምዕራባውያን አጠራር ሂፖሊተስ፣ በትንቢተ ዳንኤል ትርጓሜው ወደዚሁ ቁጥር የደረሰው በሌላ መንገድ ነበር። የታቦተ ሕጉን ርዝመት ሁለት ክንድ ተኩል፣ ወርዱን አንድ ክንድ ተኩል፣ ቁመቱን አንድ ክንድ ተኩል ደምሮ አምስት ክንድ ተኩል አገኘ። ዓለም በስድስት ቀን የተፈጠረች በመሆኗም ዕድሜዋ ስድስት ሺህ ዓመት ነው ብሎ አሰበ። በዚህ ስሌት ፍጻሜው ከክርስቶስ ልደት 500 ዓመት ያህል በኋላ የሚሆን ነበር።

የሚያስገርመው አቡሊዲስ ይህን የጻፈው ሕዝቡን ለማስፈራራት ሳይሆን ለማረጋጋት መሆኑ ነው። በዘመኑ ፍጻሜው ዛሬ ነገ ነው የሚሉ ሰባኪዎች በዝተው ነበርና ገና ሦስት መቶ ዓመት ይቀራል ማለቱ ነበር። በዚያው መጽሐፉ ሁለት ታሪኮችን ይተርክልናል። አንድ በሶርያ የነበረ የቤተ ክርስቲያን አለቃ ምእመናኑን ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ክርስቶስን ለመቀበል ወደ ምድረ በዳ ይዟቸው ወጣ። በበረሃው ሲንከራተቱም የአገሩ ገዥ ወንበዴዎች መስለውት ሊያስፈጃቸው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሌላው በጰንጦስ የነበረ አለቃ በሕልም ታየኝ ብሎ ፍርድ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደሚሆን ተናገረ። የሰሙት ገበሬዎች መሬታቸውን ሳያርሱ ተዉት፤ ብዙዎቹም ከብታቸውንና ንብረታቸውን ሸጡ። ዓመቱ ሲያልፍ ለማኞች ሆነው ተገኙ። ይህን ያልታረሰ መሬት አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመት በኋላ እንደገና እናገኘዋለንና።

በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሰሜን አፍሪካው ሊቅ አውግስጢኖስ "የእግዚአብሔር ከተማ" በተባለው መጽሐፉ ዘመን ቆጣሪዎች ጣቶቻቸውን እንዲያሳርፉ መክሯል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ አላረፈም። በሩሲያ ቤተ ክርስቲያን የትንሣኤ በዓል ማውጫ ሰንጠረዥ የተዘጋጀው እስከ 7000 ዓመተ ዓለም ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ዘመን ይኖራል ተብሎ አልታሰበምና። ሰባት ሺሁ እ.ኤ.አ. በ1492 ሲሞላ ዓለም እንደነበረች ስለተገኘች ሜትሮፖሊታን ዞሲማ ለቀጣዮቹ ዓመታት አዲስ ሰንጠረዥ አወጡ።

በኢትዮጵያ ደግሞ ሰባት ሺሁ የሞላው በ1500 ዓ.ም. ፍጻሜ ነው። በሩሲያና በኢትዮጵያ መካከል ያለው የ16 ዓመት ልዩነት የመጣው የዓለምን መጀመሪያ የሚቆጥሩበት መነሻ የተለያየ በመሆኑ ነው። በዘመኑ የነገሡት ዐፄ ናዖድ ስምንተኛውን ሺህ እንዳያዩ ፈጣሪያቸውን ይለምኑ እንደነበር በትውፊት ይተረካል። ያረፉትም ነሐሴ 7 ቀን 1500 ዓ.ም. ስምንተኛው ሺህ ሊገባ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ነው። ከዚያ ወዲህ አምስት መቶ ዓመት አልፏል። ዛሬም ሰው ያልለመደውን ነገር ባየ ቁጥር "ስምንተኛው ሺህ ደረሰ" ይላል። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ግን ስምንተኛው ሺህ ከደረሰ ቆይቷል፤ የሚፈጸመውም ገና በ2500 ዓ.ም. ነው። ነገሥታት እንኳ የፈሩት ዘመን ለእኛ ያረስንበት፣ የዳርንበት፣ ልጅ ያሳደግንበት ተራ ዘመን ሆኗል።

የሒሳብ ሊቃውንትም ከዚህ ፈተና አላመለጡም። ጀርመናዊው ካህን ሚካኤል ሽቲፈል የመጽሐፍ ቅዱስን ፊደላት ወደ ቁጥር እየለወጠ ዓለም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 19 ቀን 1533 ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እንደምታልፍ አወጀ። ሰዓቱ ሲያልፍ ታሰረ፤ ደብሩንም አጣ። ያው ሰው እ.ኤ.አ. በ1544 ያሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ግን በሙያው ታሪክ እስከ ዛሬ በክብር ይነሣል። የተሳሳተው መደመርና መቀነስ ስለማያውቅ እንዳልነበረ ይህ በቂ ምስክር ነው። ታላቁ አይዛክ ኒውተንም የትንቢት ቁጥሮችን መርምሮ ፍጻሜው ከ2060 በፊት እንደማይሆን በማስታወሻው አስፍሯል። ይህን የጻፈው ግን የፍጻሜውን ጊዜ ለመወሰን ሳይሆን የችኩሎችን ግምት ለመግታት እንደሆነ ራሱ ገልጿል።

የገበሬው ስሌት

ዊልያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1782 በማሳቹሴትስ ግዛት ተወልዶ በኒው ዮርክ ግዛት በምትገኘው በሎው ሃምፕተን ያደገ ገበሬ ነበር። በወጣትነቱ ፈጣሪ ዓለምን ፈጥሮ ትቷታል ከሚሉት ወገን ነበረ። አሜሪካና እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1812 በጀመሩት ጦርነት በሻምበልነት ዘመተ። እ.ኤ.አ. በ1814 በፕላትስበርግ በተደረገው ውጊያ በቁጥር የሚበልጠው የእንግሊዝ ሠራዊት ሲያፈገፍግ ባየ ጊዜ እምነቱ ተናወጠ፤ ይህ ያለ አምላክ እጅ አልሆነም አለ። እ.ኤ.አ. በ1816 ወደ ክርስትና ተመልሶ መጽሐፍ ቅዱስንና የቃላት ማውጫውን ይዞ ተቀመጠ። ከዘፍጥረት ጀምሮ ቁጥር በቁጥር፣ አንዱ ካልገባው ወደሚቀጥለው ሳይሻገር፣ ሁለት ዓመት አጠና።

ያቆመው ምዕራፍ ትንቢተ ዳንኤል 8 ነው። በዚያ ስለ መቅደሱ መንጻት ሲነገር ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ማታና ጠዋት የሚል ቁጥር ይገኛል። ሚለር በትንቢት አንድ ቀን እንደ አንድ ዓመት ይቆጠራል የሚለውን የቆየ አተረጓጎም ተከተለ። መነሻውንም የፋርስ ንጉሥ አርጤክስስ ለዕዝራ ትእዛዝ ከሰጠበት ከክርስቶስ ልደት በፊት 457 ዓመት ላይ አደረገው። ከ2300 ላይ 457 ሲቀነስ 1843 ይቀራል። የመቅደሱንም መንጻት ምድር በክርስቶስ ዳግም ምጽአት የምትነጻበት ቀን ነው ብሎ ተረጎመው። እዚህ መደምደሚያ ላይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1818 ነው፤ ስለዚህ ለዓለም የቀራት ዕድሜ በእርሱ ቁጥር 25 ዓመት ብቻ ነበር።

ሚለር አታላይ አልነበረም። ተሳስቼ እንደሆነስ ብሎ ሒሳቡን እየደጋገመ ሲመረምር አሥራ ሦስት ዓመት ያህል በአደባባይ ሳይናገር ቆየ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰበከው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1831 በድሬስደን በምትባል መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 ኅዳር ወር በሰማይ የታየው የከዋክብት ዝናም ብዙ ሰው አስደነገጠ። እ.ኤ.አ. በ1839 የቦስተኑ ሰባኪ ጆሹዋ ሃይምስ ከሚለር ጋር ሲተዋወቅ የገጠር ገበሬ ስብከት የአገር እንቅስቃሴ ሆነ። ሃይምስ "የዘመኑ ምልክቶች" የተባለውን ጋዜጣ በቦስተን፣ "የእኩለ ሌሊት ጩኸት" የተባለውን በኒው ዮርክ አቋቋመ። የትንቢቱን አራዊትና ቁጥሮች የሚያሳይ ትልቅ ሥዕላዊ ሰሌዳ ታትሞ በየስብሰባው ተሰቀለ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1843 በቀን ጭምር የምትታይ ጅራታም ኮከብ በወጣች ጊዜማ ያመነው ጸና፤ የተጠራጠረውም ፈራ።

ሚለር በመጀመሪያ የወሰነው ዓመቱን እንጂ ቀኑን አልነበረም። ከመጋቢት 21 ቀን 1843 እስከ መጋቢት 21 ቀን 1844 ባለው ጊዜ ይሆናል ብሎ ጠበቀ፤ ጊዜው አለፈ። ቀድሞ ሲሰላ ከክርስቶስ ልደት በፊት ካለው 1ኛ ዓመት ወደ ልደት በኋላው 1ኛ ዓመት በቀጥታ እንደሚታለፍ፣ በመካከላቸው ዜሮ ዓመት እንደሌለ ተዘንግቶ ነበር። በዚህ ምክንያት አንድ ዓመት ተጨመረ። በነሐሴ 1844 በኒው ሃምፕሻየር ግዛት በኤክሰተር በተደረገ የድንኳን ጉባኤ ሳሙኤል ስኖው የተባለ ሰባኪ ተነሥቶ ዕለቱ በብሉይ ኪዳን ሥርዓት የማስተስረያ ቀን፣ ማለትም የሰባተኛው ወር አሥረኛ ቀን ነው አለ። እርሱም ጥቅምት 22 ቀን 1844፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 13 ቀን 1837 ዓ.ም. ሆነ። ሚለር ራሱ ይህን ቀን የተቀበለው ከሁሉም ዘግይቶ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነበር። እሳቱን የለኮሰው ሰው በመጨረሻ የተከታዮቹ ተከታይ ሆነ።

ያልተቆፈረው ድንች

የሚለር ተከታዮች ቁጥር ከ50,000 እስከ 100,000 እንደሚደርስ ይገመታል። በእነዚያ የመጨረሻ ሳምንታት የሆነው ነገር አቡሊዲስ ከተረከው ጋር እጅግ ይመሳሰላል። አንዳንድ ገበሬ የደረሰ ሰብሉን አልሰበሰበም፤ ድንቹንም ከመሬት አላወጣም። ነገ ምጽአት ነው እያለ ዛሬ ማጨድ ለእርሱ እምነቱን መካድ ነበርና። ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘጉ። ዕዳ ያለበት ዕዳውን ከፈለ፤ የተጣላ ታረቀ፤ የበደለ ይቅርታ ለመነ። ነጭ ልብስ ለብሰው ጣሪያ ላይ ወጡ የሚለው ወሬ በጊዜው ተራብቶ ነበር፤ ኋላ የመረመሩት ጸሐፊዎች ግን አስተማማኝ ማስረጃ አላገኙለትም። አብዛኞቹ በየቤታቸውና በየጸሎት ቤታቸው ተሰብስበው እየዘመሩ ነበር የጠበቁት።

ቀኑ መሸ። እኩለ ሌሊት ሆነ። ዶሮ ጮኸ። በፖርት ጊብሰን አካባቢ ከወዳጆቹ ጋር ሲጠብቅ ያደረው ሂራም ኤድሰን የተባለ ገበሬ እስኪነጋ ድረስ እንዳለቀሱ ጽፏል። የሁሉም ምድራዊ ወዳጅ በአንድ ጊዜ የሞተ ያህል ነበር ይላል። ሲነጋ የጠበቃቸው የጎረቤት ሳቅና ገና አለህ እንዴ የሚል ፌዝ ነበር። ክረምቱም ተቃርቧል። ማሳው አልተሰበሰበም። ይህ ሌሊት በአሜሪካ ታሪክ "ታላቁ የተስፋ ስብራት" ተብሎ ይታወቃል።

ከዚያ በኋላ ተከታዮቹ ተበታተኑ። ግማሹ እምነቱን ተወ፤ ግማሹ ሌላ ቀን ቆረጠ። ከቀሩት መካከል ጥቂቶቹ ቀኑ ትክክል እንደነበረ፣ የተሳሳተው የክንውኑ ትርጓሜ እንደሆነና መቅደሱ የተባለውም በሰማይ ያለው እንደሆነ አመኑ። ከእነርሱም እ.ኤ.አ. በ1863 የተደራጀችው የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ተገኘች። ይህች ቤተ ክርስቲያን የክርስቶስን መምጣት በተስፋ እየጠበቀች ቀን መቁረጥን የማትቀበል መሆኗ ከዚያ ሌሊት የተወረሰ ትምህርት ነው።

ሚለር ስሕተቱን አልሸሸገም። ቁጥሩ እንዳሳሳተው በአደባባይ አመነ፤ ተስፋውን ግን አልጣለም። ከስብራቱ በኋላ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ አሁን ልቤን ያሳረፍሁበት ሌላ ቀን አለ፤ እርሱም ጌታ እስኪመጣ ድረስ ዛሬ፣ ዛሬ፣ ዛሬ ነው የሚል ሐሳብ ሰፍሯል። ዓይኑ ደክሞ፣ ከቀድሞ ማኅበሩ ተለይቶ፣ በመኖሪያው አጠገብ ባሠራት ትንሽ የጸሎት ቤት እያመለከ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 1849 በ67 ዓመቱ ዐረፈ።

ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

ሚለር ቢያንስ ከተከታዮቹ ጋር አብሮ ጠብቆ አብሮ አዝኗል። ሁሉም እንዲህ አይደለም። በደቡብ ኮሪያ ሊ ጃንግ ሪም የተባለ ሰባኪ ምእመናን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1992 ወደ ሰማይ ይነጠቃሉ ሲል ብዙዎች ሥራቸውንና ትምህርታቸውን ትተው ገንዘባቸውን ሰጡት። ሰባኪው ከቀጠሮው ቀን በፊት በማጭበርበር ተከሶ ሲያዝ፣ የመክፈያ ጊዜው ከዚያች ቀን በኋላ የሚደርስ ቦንድ ገዝቶ ተገኘ። በአሜሪካ የሬዲዮ ሰባኪው ሃሮልድ ካምፒንግ ግንቦት 21 ቀን 2011 የፍርድ ቀን ነው ብሎ በየአገሩ ማስታወቂያ ሲያሰቅል አንድ የኒው ዮርክ ጡረተኛ የዕድሜ ልክ ቁጠባውን 140,000 ዶላር ያህል ለዚሁ ማስታወቂያ አወጣ። ካምፒንግ ቀኑን ወደ ጥቅምት ለወጠ፤ እርሱም አለፈ። በማግስቱ ዓመት ስሕተቱን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። የጡረተኛው ገንዘብ ግን አልቆ ነበር።

በአካባቢያችን የሆነው ደግሞ ከገንዘብ እጅግ የከበደ ነው። በኡጋንዳ ካኑንጉ የአንድ ማኅበር መሪዎች ዓለም በ1999 ፍጻሜ ታልፋለች ብለው ነበር። ቀኑ ካለፈ በኋላ እ.ኤ.አ. መጋቢት 17 ቀን 2000 በተዘጋ ጸሎት ቤት በተነሣ እሳት በመቶ የሚቆጠሩ ተከታዮች አለቁ። በኬንያ ሻካሆላ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2023 ከመሬት የወጣው አስከሬን ከ400 በላይ ሆኗል። ከዓለም ፍጻሜ በፊት ፈጣሪያቸውን ለማግኘት በረሃብ እንዲሞቱ ተነግሯቸው ያለቁ ናቸው፤ በመካከላቸውም በርካታ ሕፃናት ነበሩ።

በእነዚህ ሁሉ ታሪኮች ሦስት ነገሮች ይደጋገማሉ። አንደኛ፣ ቀኑ ዘወትር የሚውለው በቆጣሪው ዕድሜ ወይም በአቅራቢያው ነው፤ ከዚህ የተለየው ኒውተን ያለ ጥቂት ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ስሌቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ መነሻውን የመረጠው ግን ሰው ነው። መነሻው በ16 ዓመት ቢለይ ምጽአትም በ16 ዓመት ትለያለች። ሦስተኛ፣ ቀኑ ሲያልፍ ቆጣሪው ስሕተቱን የሚፈልገው በቁጥሩ ውስጥ ነው እንጂ መቁጠሩ ራሱ ተገቢ እንደሆነ አይጠይቅም። ወንጌል ግን ያችን ቀንና ያችን ሰዓት የሰማይ መላእክት እንኳ እንደማያውቋት ይናገራል። ተግታችሁ ጠብቁ የሚለውም ትእዛዝ ባሪያው በሥራው ላይ ሳለ ጌታው ደርሶ እንዲያገኘው እንጂ ሥራውን ጥሎ ደጅ እንዲቀመጥ አይደለም።

የነነዌ ምሥጢር

ወደ ተነሣንበት ወደ ባሕረ ሐሳብ እንመለስ። የ2000 ዓ.ም.ን ስሌት ለአብነት ብንወስድ 5500 ሲደመርበት 7500 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለአራት ሲካፈል ቀሪ የለውም፤ ስለዚህ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነበር። መጥቅዑ 7 ሆነ። በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 7 ቀን ሐሙስ ዋለ። የሐሙስ ተውሳክ 3 ተጨምሮበት መባጃ ሐመሩ 10 ሆነ፤ ጾመ ነነዌም የካቲት 10 ቀን ገባ። ከዚያ 69 ቀን ተቆጥሮ ትንሣኤ ሚያዝያ 19 ቀን ተከበረ። ይህ ሁሉ ቁጥር ከአዳም ጀምሮ መጥቶ የሚያርፈው ገበሬው መቼ ይጹም፣ መቼ ይፍሰክ በሚለው የአንድ ዓመት ኑሮ ላይ ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በዚህ ስሌት ከሌሎቹ ተንቀሳቃሽ አጽዋማትና በዓላት ሁሉ አስቀድሞ የሚገኘው ጾመ ነነዌ ነው። ነነዌ ደግሞ የጥፋቷ ቀን ተቆርጦ የተነገረባት፣ ቀኑም ደርሶ ያልጠፋች ከተማ ናት። ነቢዩ ዮናስ ጥፋቷን ሰበከ፤ ንጉሡም ሕዝቡም ማቅ ለብሰው ከክፉ ሥራቸው ተመለሱ፤ ከተማይቱም ዳነች። ዮናስ ከከተማው ውጭ ተቀምጦ የተናገረው ሳይፈጸም በመቅረቱ አዘነ። ፈጣሪ ግን ግራና ቀኛቸውን ለማያውቁት ሕፃናትና ለእንስሳቱ ጭምር ራርቶላቸው ነበር። በየዓመቱ ሦስት ቀን የሚጾመው ይህን በማሰብ ነው። ትንቢት የተነገረው ሰው እንዲመለስ ነውና፣ በነነዌ ነቢዩን ያሳዘነው የቀኑ ማለፍ ለከተማይቱ ሕይወት ሆኗታል።

ዛሬ በመስከረም 1 ቀን በደጋውም በወይናደጋውም ማሳው አረንጓዴ ነው፤ ጤፉም ገና አላፈራም። ገበሬው እስከሚያጭድ ያሉትን ሳምንታት ይቆጥራል። የሚቆጥረውም ሊያጭድ ነው እንጂ ማጭዱን ሊጥል አይደለም። ዊልያም ሚለር ከብዙ ዓመት ሒሳብና ከአንድ መራራ ሌሊት በኋላ የደረሰበትን ቃል የእኛ ገበሬ በየማለዳው ሞፈርና ቀንበሩን ሲያነሣ ይኖረዋል። የተሰጠን ቀን ዛሬ ነው።

መልካም አዲስ ዓመት።